ዲ የሷ ነው

ሰኞ፣ 4

ዛሬ ኮምፒውተሬን ለሁለት ከፈሉብኝ።

ጠጋኙ፣ ያ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ዘግቶ የሚመጣው፣ ሦስት ሰዓት ሲነካካው ቆየና «በቃ፣ አሁን አንድ ሣጥን ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር አላችሁ» አለ። እንደ ምሥራች ነው ያወራው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ የደንብ ልብስ ሰፊዎች ነን፤ ለነርስ፣ ለዘበኛ፣ ለአስተናጋጅ። የሁሉንም ልክ፣ ፓተርኑን፣ የማወጣው እኔ ነኝ። ፓተርኑን በሰፊ ወረቀት የሚስልልኝ ማሽን፣ ፕሎተሩ፣ የሚሰማው አሮጌውን ሲስተም ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ የገዛው አዲስ የንድፍ ፕሮግራም ደግሞ ካለ አዲሱ ሲስተም ንክች አይልም። ሌላ ኮምፒውተር ይገዛልን ብንለው «አንዱ ሁለት መሆን እየቻለ?» አለ። ሁለቱ ግን አብረው አይሠሩም። አንዱ ሲነቃ ሌላው መተኛት አለበት። ስለዚህ ጠዋት እኔ በአሮጌው፣ ከሰዓት እሷ በአዲሱ።

እሷ ማለት የወንድሜ ሚስት ናት። ወንድሜን ካገባች አራት ዓመቷ ነው፤ እዚህ ድርጅት ከገባች ግን ገና ስምንት ወሯ። ያስገባኋትም እኔው ነኝ፤ ወንድሜ «እታለም፣ እባክሽ ተናገሪላት» ብሎ ለምኖኝ። ስሟን እዚህ ደብተር ላይ መጻፍ አላሰኘኝም። አሥር ጣት ልበላት። ኪቦርድ ላይ በአሥሩም ጣቷ ነው የምትጽፈው፣ ሳታይ። እኔ በሁለት ጣት ነኝ፣ እያየሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግን የዚህ ቤት ልብስ ሁሉ ልኩ የወጣው ከነዚህ ሁለት ጣቶች ነው።

ልትወጣ ስትል ጠጋ ብላ፣ «እትዬ፣ የኔን ወገን መክፈት ካስፈለገዎት ፓስወርዱ ድንቡሼ ነው» አለችኝ።

ድንቡሼ። ወንድሜን በልጅነቱ የማቆላምጥበት ስም። ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ነግሯታል ማለት ነው።

ሐሙስ፣ 7

ኮምፒውተሩ ሲከፈት ጥቁር ስክሪን ላይ ሁለት መስመር ይመጣል፤ አሮጌው፣ አዲሱ። ከሥሩ ቁጥር ይቆጥራል፣ ከአሥር ወደ ዜሮ። ካልመረጥሽ ራሱ ይመርጣል። ራሱ የሚመርጠው ደግሞ አዲሱን ነው። ዛሬ ጃንጥላዬን እስካራግፍ አሥሯ ሰከንድ አለቀችና በሷ ወገን ገባ። ዘግቼ እስክከፍተው ሩብ ሰዓት። ቆሽቴ አረረ።

ጠጋኙ ሌላ ነገር ሊያስተካክል መጥቶ ነበርና «ለምንድን ነው የሷ የሚቀድመው?» አልኩት።

«አንዱ የግድ መቅደም አለበት እትዬ። ከፈለጉ መገልበጥ ይቻላል» ብሎ አሳየኝ። ገለበጥኩት።

«ቁጥሩንስ ዜሮ ማድረግ ይቻላል?»

«ይቻላል። ግን ያን ጊዜ ሌላኛዋ መምረጥ አትችልም።»

«እንግዲያው ይቅር» አልኩት። እዚህ ግን ጻፍኩት፣ እንዳልረሳው።

አሥር ጣት ከኋላችን ቆማ ትሰማ ነበር።

ዓርብ፣ 8

ገልብጣዋለች። ቀድማ ገብታ። እኔም መልሼ ገለበጥኩት። እሷ «እንደምን አደሩ እትዬ» አለች፣ እኔ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

ሌላም ነገር አወቅሁ። ከኔ ወገን ሆኜ የሷን ማየት ይቻላል። ሲ የሚለው የኔ ነው፤ ዲ የሚለው የሷ ነው። ዲን ብነካው ጓዳዋ ወለል ብሎ ይታያል። አላይም። ምን ቆርጦኝ የሰው ጓዳ አያለሁ።

ማክሰኞ፣ 12

ዝናብ። የቁልፍና የክር መጋዘኑ ጣሪያ ያፈሳል፤ ባልዲ ላስቀምጥ ስገባ ከመደርደሪያው ወዲያ ሥራ አስኪያጁ ሲያወራ ሰማሁ። ጆሮዬን አቆምኩ።

«እስከሚመጣው ወር ሁሉንም ወደ አዲሱ አዙሪ። ፕሎተሩም ይቀየራል፣ አሮጌው ሲስተም ይጠፋል።»

«ለእትዬ ማን ይንገራቸው?» ይህች አሥር ጣት ናት።

«አሁን እንዳትነግሪያት። ታለቅሳለች፣ ሥራ ይቆማል።»

አለቅሳለሁ? እኔ? እዚህ ቤት ውስጥ ሳለቅስ ያየኝ አንድ ሰው ይቅረብ።

ባልዲውን ይዤው ተመለስኩ። ውሃው ይፍሰስ።

ሐሙስ፣ 14

አየሁ።

ዲ ውስጥ «ፓተርን» የሚል ፎልደር አለ። ልክ ሲ ውስጥ እንዳለው እንደኔው፣ በዚያው ስም። ውስጡ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ፋይል። የኔም ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነው። ስሞቹ ሁሉ እኔ የሰጠኋቸው ናቸው፤ «ወፍራም ነርስ ረጅም እጅጌ»፣ «ትከሻ ሰፊ ዘበኛ»፣ «የቆራጩ አማች ሱሪ»። የጨርቅ ቆራጫችንን አማች እንኳ አላስተረፈችም!

ልክፈታቸው ብል እንቢ አለኝ። የኔ ፕሮግራም የአዲሱን ፋይል አያነብም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አልችልም። አሥራ ስምንት ዓመት ካርቶን ላይ ነበር የማወጣው። አምና ሥራ አስኪያጁ ካርቶኖቹ ቦታ ያዙ ብሎ በሦስት ጋሪ አስጫናቸው። ከዚያ በፊት አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ያስገባኋቸው በእነዚህ ሁለት ጣቶች ነው፣ ሰባት ወር ፈጅቶብኝ። ስለዚህ አሁን እኔ ማለት ያ ፎልደር ነኝ። ጠጋኙ «ኮፒ ያስቀምጡ» ሲለኝ እንቢ ያልኩትም ለዚህ ነበር። ኮፒ ካለ ማንም ይወስደዋል ብዬ።

ይኸው ተወሰደ። ሌላ ሰው ቢሆን አይገርመኝም። ድንቡሼ ብላ በገባችበት በር ነው ያወጣችው።

እሑድ፣ 17

ምሳ ወንድሜ ቤት። ባልሄድ ለምን ቀረች ይሉኛል ብዬ ሄድኩ። አሥር ጣት «እትዬ ይጨመርልዎ፣ ምንም አልበሉም» ስትል ዋለች። ጥርሴን ነክሼ በላሁ።

ወንድሜ ደስ ብሎታል። «ሁለታችሁ በአንድ ኮምፒውተር! እሷ ቤት ስትመጣ የምታወራው ስላንቺ ሥራ ብቻ ነው፣ እታለም። ይቺ እጅጌ እንዴት እንደወጣች፣ ያቺ ኮሌታ እንዴት እንደታጠፈች…»

አዎ። ሌባ የሰረቀውን ዕቃ ነው ደጋግሞ የሚያገላብጠው፣ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሱን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ዋጥኩት።

ማክሰኞ፣ 19

ሆስፒታሉ ላዘዘው ጋውን ናሙና ተሰፋ። አሥር ጣት በአዲሱ ፕሮግራም ያወጣችው። ሥራ አስኪያጁ ኮሌታውን በሁለት ጣቱ ይዞ ሰው ሁሉ ፊት፣ «አያችሁ? ይሄ ነው አዲስ ፕሮግራም ማለት! ድሮ እንዲህ ይቀመጥ ነበር?» አለ።

ኮሌታው የኔ ነው። አንገት እንዳይፍቅ ከኋላ በኩል ግማሽ ጣት ዝቅ የማደርገው እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ማንም መጽሐፍ ላይ አያገኘውም፤ አንዲት ነርስ አንገቷን አሳይታኝ ነው ያወቅሁት።

አሥር ጣት «እሱ እንኳን የእትዬ…» ብላ ጀምራ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን ጀርባውን ሰጥቷል። ጮክ ብላ ማለት ትችል ነበር። አላለችም።

ረቡዕ፣ 20

ጠዋት ሦስት ጊዜ ተሳስቼ ወረቀት አበላሸሁ። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው።

ብናገር ማን ይሰማኛል? «ዲን ከፍተሽ ምን ትሠሪ ነበር?» ነው የሚሉኝ። ወንድሜም «እሷ እንዲህ አታደርግም» ይላል። እነሱ እኮ ባልና ሚስት ናቸው።

ሌላ መንገድ አለ። ሰኞ የሆስፒታሉ ሰዎች ናሙናውን ሊያዩ ሲመጡ የኔን ኮፒ ይዛ ፊታቸው ትቀርባለች አይደል? ፎልደሩን ስትከፍት ባዶ ቢሆንባት? እሷም «የታለ ሥራሽ?» ስትባል እንደኔ አፏ ቢደርቅ? ሌላ ምንም አልፈልግም። አንድ ጠዋት ብቻ። ፊቷን ማየት ብቻ።

ከኔ ወገን ሆኜ ባጠፋው የኔ እጅ ይታያል። ጠጋኙ ኮምፒውተሩ ሁሉንም ይመዘግባል ብሏል፤ ከየትኛው ወገን፣ በስንት ሰዓት። በሷ ወገን ከሆነ ግን…

ክፉ ሰው አይደለሁም። የኔውን ዕቃ ነው።

ዓርብ፣ 22

የምሳ ሰዓት። ሁሉም ጓሮ ነው። ዝናቡ ጋብ ብሏል።

ሆኗል። ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ ደብተርም ሰው እጅ ይገባል። ይህን ብቻ ልበል። በሷ በር ገባሁ፣ በሷ ቁልፍ። ዲን ከፈትኩ። ፎልደሩ ነበረ፣ በስሙ፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ይላል። አንዱንም ገብቼ አላየሁም፣ ምን ቸገረኝ። መጣያውንም ደፋሁት።

ድንቡሼ ብዬ ጻፍኩ። በሕይወቴ እንዲህ ፈጥኜ ጽፌ አላውቅም።

እሑድ፣ 24

ቤቱን ሁለት ጊዜ አጠብኩት። ሰኞ አይደርስም?

ሰኞ፣ 25

አሮጌውን መረጥኩ። ሲን ከፈትኩ። ፓተርን የለም።

ዘግቼ ከፈትኩ። የለም። በየፎልደሩ ፈለግሁ። የለም።

ዲን ከፈትኩ። የሷ አለ! ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም ቁጭ ብሏል። እንዴት? ዓርብ እኮ እኔ…

ቀደመችኝ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ቅዳሜ መጥታ የሷን ከሆነ ቦታ መልሳ፣ የኔን አጥፍታ ሄደች። ማስታወቋ ነው። የገዛ መሣሪያዬን መለሰችብኝ።

ጮህኩ። ቆራጩ መቀሱን ጥሎ እየሮጠ መጣ። አሥር ጣትም መጣች። ስክሪኑን አይታ ፊቷ አመድ መሰለ። አቤት ማስመሰል!

ማክሰኞ፣ 26

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ። ሦስታችን። የሆስፒታሉ ሰዎች ቀጠሮ ትናንት ተሰርዟል።

«ሰርቃኛለች። ሰርቃ ሲያበቃ የኔን አጠፋች፣ እሷ ብቻ እንድትቀር» አልኩ።

«አላጠፋሁም» አለች። «ኮፒ አድርጌያለሁ፣ እሱን አልክድም።»

«ለምን?»

ሥራ አስኪያጁን አየችው። ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን ፈታ፣ ገጠመ፣ ፈታ፣ ገጠመ። «ጠጋኙ ይምጣና ይመርምር» አለ በመጨረሻ።

ማን እንዳዘዛት አውቃለሁ። መጋዘን ውስጥ ሰምቻለሁ። እሱ ዝም ካለ እኔ ምን አገባኝ።

ሐሙስ፣ 28

ጠጋኙ አገኘው። ፎልደሩ የጠፋው ከአዲሱ ወገን ነው፣ በሷ ፓስወርድ። መልሶ ማውጣት አይቻልም አለ፤ በላዩ ላይ ሌላ ተጽፎበታል።

ሁሉም ዞሮ አያት። እኔም አየኋት። ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን ደስ አለኝ፤ ከደረቴ ላይ ድንጋይ የወረደ ያህል።

«መቼ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ዓርብ፣ ስድስት ሰዓት ከአርባ።»

ቅዳሜ ነው እንጂ ዓርብ እንዴት ይሆናል? ዓርብ በምሳ ሰዓትማ… ይሄ ጠጋኝ ሥራውን አያውቅም።

«ዓርብ ምሳ ሰዓት የት ነበርሽ?» አላት።

«ጓሮ። ብቻዬን ነበርኩ።» ያን ጊዜ ወደኔ ዞራ አየችኝ፤ ረጅም ጊዜ። ዓይኔን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደሰበርኩ አላውቅም።

እስከሚመጣው ሐሙስ ቤቷ እንድትቆይ ተወሰነ። ሐሙስ ስብሰባ አለ። ትባረራለች ይላሉ። ሌባ ተብላ ከወጣች ደግሞ የትኛውም ስፌት ቤት አይቀጥራትም፤ እኛ ሙያ ውስጥ ወሬ ከክር ይፈጥናል።

ዓርብ፣ 29

ከሥራ ስገባ ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ግባ ብለው አልገባም።

«ፓስወርዷን ማን ያውቃል?»

«ሚስትህ ናታ።»

«ሌላስ?»

ቁልፉን ከቦርሳዬ እየፈለግሁ ነበር። ፈለግሁ፣ ፈለግሁ።

«ያን ስም እናታችን ታውቀው ነበር፣ እሷ የለችም። ከዚያ አንቺና እሷ ናችሁ።» እንደ ልጅነቱ አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «እሷ ምንም አላለችኝም። ጠየቅኋት፣ እንቢ አለችኝ። እኔ ነኝ ያሰብኩት።»

«ምን ልትል ነው?»

«ምንም፣ እህቴ» ብሎ ሄደ።

እህቴ። እታለም አላለኝም።

ሰኞ፣ 2

የሆስፒታሉ ጋውን በጊዜው መድረስ አለበት። የቀረው ፓተርን ደግሞ አዲሱ ወገን ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ በሷ ወንበር፣ በሷ ወገን ተቀመጥኩ። ጠጋኙ ሊያሳየኝ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ዚፑን እስከ አገጩ ዘግቶ።

«ሲን ይክፈቱ» አለኝ።

«ዲን ማለትህ ነው። ሲ የኔ ነው። የሷ ዲ ነው።»

ሳቀ። ክፋት የለውም፣ እንዲሁ ነው የሳቀው። «እሱ በእርስዎ ወገን ሲሆን ነው እትዬ። እያንዳንዱ ሲስተም ራሱን ሲ ነው የሚለው። ሌላውን ዲ ይለዋል። እዚህ ሲቀመጡ ሲ የሚባለው የሷ ነው። ዲ የእርስዎ ነው።»

«ደግመህ በለው።»

ደገመው። እንደ ሕፃን በጣቱ እያሳየ። ዲን ከፈተልኝ፤ የኔ ጓዳ ነበር፣ የኔ አሮጌ ፋይሎች፣ የኔ የተበታተነ ነገር። ፓተርን ያለበት ቦታ ብቻ ባዶ። «ይኸው፣ ያጠፋው ሰው ከዚህ ሆኖ ነው ዲን ያጠፋው» አለኝ።

ውሃ ልጠጣ ብዬ ተነሣሁ። ጓሮ ወጥቼ ዝናብ ላይ ቆምኩ።

ለጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የማስተምረው ነገር አለ። ጨርቁን ስትገለብጪው ግራ እጅጌ ቀኝ ይሆናል፤ ከመቁረጥሽ በፊት በየትኛው ፊት እንደቆምሽ እይ። ስንቷን ልጅ በዚህ ተቆጥቻለሁ! ስንት እጅጌ አስፈትቻለሁ! እኔ ግን በሷ ፊት ቆሜ በራሴ ፊት ቆረጥኩ።

ቅዳሜ የመጣ ሰው የለም። የመለሰችው ነገር የለም። አንድ ጊዜ ነው የጠፋው፣ በአንድ እጅ።

ይህን የሚያውቅ የለም። ጠጋኙ አልጠረጠረም። ዝም ብል ሐሙስ ያልፋል። መስረቋ እንደሆነ ሰርቃለች፤ እሱን ራሷ አልካደችም። ቅጣቱ ለዚያ ይሁንላት። ለዚያ ይገባታል።

ይገባታል።

ማክሰኞ፣ 3

ፋይሎቹን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትኳቸው። ያው በሁለት ጣት።

አዲሱ ፕሮግራም በየፓተርኑ ራስጌ ላይ ሣጥን አለው። ልክ፣ ጨርቅ፣ ቀን፣ «ፓተርኑን ያወጣው ሰው»። «ወፍራም ነርስ ረጅም እጅጌ»ን ከፈትኩ። ያወጣው ሰው በሚለው ላይ የኔ ስም ተጽፏል። ሙሉ ስሜ፣ እስከ አባቴ።

ቀጣዩን ከፈትኩ። የኔ ስም። «ትከሻ ሰፊ ዘበኛ»፣ የኔ ስም። የጋውኑ ኮሌታ፣ ያ ሥራ አስኪያጁ አንጠልጥሎ ያሳየው፣ የኔ ስም። ከሥሩ ማስታወሻ አለበት፤ «ከኋላ ግማሽ ጣት ዝቅ ይበል፣ እትዬ እንደሚያደርጉት። እንዳይቀየር።»

ጠጋኙን ጠርቼ «ይህን ሣጥን መሙላት ግዴታ ነው?» አልኩት። «አይደለም፣ ባዶ ቢተውም ይሠራል» አለ።

እስከ ምሳ፣ ከምሳ በኋላም እስከ መውጫ ሁሉንም ከፈትኩ። ባዶ አንድ ባገኝ ብዬ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱንም። አንድ አላገኘሁም።

ስሜን ደግሞ በእሳቱ ሰ ነው የጻፈችው። የኔ በንጉሡ ሠ ነው። አራት ዓመት ቤተሰብ ሆና ይህን አታውቅም? ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ተሳስታለች። ተናደድኩ። እዚያው ወንበር ላይ ተናድጄ፣ ተናድጄ፣ ከዚያ ቆራጩ ገባና «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አለኝ። ስክሪኑ ዓይኔን አቃጠለኝ አልኩት።

ረቡዕ፣ 4

ሥራ የለም። ማለቴ ሥራ አለ፣ እኔ የለሁም።

ባልናገርስ? ልጅቷ ወጣት ናት፣ አሥር ጣት አላት፣ ሌላ ሙያ ትማራለች። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ብወጣ የት እገባለሁ?

ይህን ጽፌ አነበብኩት። እጽፈውና አነበዋለሁ እንጂ ለሰው የምለው አይደለም።

ሐሙስ፣ 5

ቢሮው ውስጥ። ሥራ አስኪያጁ፣ ቆራጩ በሠራተኛው ስም፣ ጠጋኙ፣ እሷ፣ እኔ። ወንድሜ ውጪ ደረጃው ላይ።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ማንበብ ጀመረ። ሁለተኛው መስመር ላይ «እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምኑን?»

«ዲን። ዓርብ በምሳ ሰዓት። የሷን ላጠፋ ገብቼ የኔን ነው ያጠፋሁት።»

ማንም አልገባውም። ጠጋኙ ብቻ ገባውና «ኧረ…» ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ዚፑን ከፈተ።

አላበቃሁም። ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞርኩ። «ኮፒ አድርጊ ብለው ያዘዟት እርስዎ ነዎት። ለኔ እንዳትነግር አፏን የዘጉትም እርስዎ ነዎት፣ መጋዘን ውስጥ ሰምቻለሁ። ያን ማክሰኞ ሌባ ስላት እስክሪብቶ ሲፈቱና ሲገጥሙ ነበር። አለቅሳለሁ ብለው ነበር አይደል? ይኸው፣ አላለቀስኩም።» ፊቱ ቲማቲም ሆነ። እሱን እንኳን ከአንጀቴ ነው ያልኩት፤ ዛሬም አልጸጸትበትም።

እሷን ማየት ግን አልቻልኩም። ይቅርታ የሚለውን ቃል ልላት አስቤ ነበር። ስዞር ወንበሯ ባዶ ነው።

ለኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ከዛሬ ጀምሮም ሥራዬ በሷ ሥር። አሮጌው ወገን የኔ መሆኑ ቀረ። ወንድሜ ሚስቱን ይዞ ደረጃውን ወርዷል። እኔን አልጠበቀኝም።

ሰኞ፣ 9

ቀድሜ ገባሁ። ሰላም ልላት፣ ወንበሯን ጠርጌ፣ ዝግጁ ሆኜ። ጃንጥላዬን እንኳ ሳላራግፍ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ።

ሁለቱ መስመር አልመጣም። ቁጥሩም አልቆጠረም። ጥቁሩ ስክሪን ብልጭ ብሎ ጠፋና በአዲሱ ወገን ገባ። ትናንት መጥታ ይሆናል። ዜሮ አድርጋዋለች። ከኋላችን ቆማ ስትሰማ የተማረችውን።

ትንሽ ቆይታ መጣች። ቦርሳዋን ሰቀለች። ፓስወርድ አስገባች፤ ጣቶቿን አየሁ፣ ድንቡሼ አይደለም፣ ረጅም ነገር ነው። «እንደምን አደርሽ» አልኳት። አልመለሰችም። እኔም የምለው ጠፍቶኝ፣ «የኔ ወገን የለም እንዴ?» አልኩ።

ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሣችም። አሥሩም ጣቷ ይሠራል።

«ዲ ላይ ነሽ» አለችኝ።

ነሽ። አራት ዓመት ሙሉ «ነዎት» ስትለኝ የኖረች ልጅ። እትዬንም አልጨመረችበትም።

ለምሳ ስትወጣ አልዘጋችውም፤ በቦታዋ ተቀምጬ ዲን ከፈትኩት። ፓተርን የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። እሷ ምንም አልነካችበትም፤ እኔ እንደተውኩት ነው ያለው።